«ጌጁን እርሱት» ለሚለው ጽሑፍ መልስ፦ ጌጁ ስለ ቤንዚን የሚያውቀው ነገር የለም

በአንድ ሳምንት ውስጥ አንድ ጽሑፍ ከሦስት ሰው ደረሰኝ። የመጀመሪያው «አንብበው፣ እውነቱን ነው» አለኝ። ሁለተኛው ምንም ሳይል ላከልኝ። ሦስተኛው ግን ጥያቄ አስከትሎ ነበር፦ «የእኔም ሞተር ጌጅ ብሬክ በያዝኩ ቁጥር ዝቅ ይላል። እንዳለው ሰንደሩን ልግዛ?» (ሰንደር ማለት ሰልባትዮው፣ ማለትም የነዳጅ ማጠራቀሚያው ውስጥ ሆኖ የነዳጁን ከፍታ ለጌጁ የሚነግር ዕቃ ነው።) ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ ሦስተኛው ነው።

ጽሑፉ አልታመን ስላለ የሞተር ሳይክል የነዳጅ ጌጅ ነው። ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጸሐፊው ስድስት ነገር ይላሉ። አንደኛ፣ የሞተር ጌጅ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ጌጥ ነው፤ ኪሎ ሜትር ቆጥራችሁ ንዱ፣ እሱን እርሱት። ሁለተኛ፣ እየነዳችሁ ከፍ ዝቅ የሚል ጌጅ ተበላሽቷል ማለት ነው። ሦስተኛ፣ ጌጅ ካስቸገረ ጥፋቱ የሰንደሩ ነው፤ ሽቦ ስትከተሉ ጊዜ አታባክኑ፣ ቀይሩት። አራተኛ፣ መግዛት ካልፈለጋችሁ የነዳጅ ማጽጃ ፈሳሽ ጨምሩበት። አምስተኛ፣ የሚያሳየው ከተዛባ የተንሳፋፊውን ክንድ አጠፍ አድርጉት። ስድስተኛ፣ ሞተራችሁ በአንድ ሙሌት ስንት እንደሚሄድ ለማወቅ አንድ ጊዜ እስኪቆም ድረስ ንዱት።

አጻጻፋቸው ጥሩ ነው፣ አያሰለችም። አንዳንዱም ልክ ነው፤ ልክ የሆነውን ልክ ነው እላለሁ። ችግሩ ምክሮቹ ሁሉ ጌጁ ነዳጅ ይለካል ከሚል ሐሳብ መነሳታቸው ነው። አይለካም። ጌጁ ስለ ቤንዚን የሚያውቀው ነገር የለም፤ የሚያውቀው በሽቦ የሚደርሰውን ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰልባትዮው ውስጥ ቀጭን ክንድ ላይ የታሰረ ተንሳፋፊ አለ። ነዳጁ ሲወርድ እሱም ይወርዳል። የክንዱ ሌላኛው ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ የብረት ምላስ ኤሌክትሪክ በሚገታ ሬዚስተር ላይ ትንሸራተታለች፤ ኦሙ፣ ማለትም የሚገታበት መጠን፣ ይለዋወጣል። ይሄ ሁሉ አንድ ላይ ሰንደር ይባላል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው ጌጅ ያንን ኦም ወደ ቀስት ወይም ወደ መስመር ይተረጉማል። ብዙ የጃፓን ሞተሮች ላይ ሰልባትዮው ሲሞላ ኦሙ ትንሽ ነው፣ ባዶ ሲሆን ብዙ። እነዚህ ላይ ሽቦ ሲበጠስ ጌጁ «ባዶ» ይላል። በተቃራኒው የተሠሩም አሉ፤ እነሱ ላይ ሽቦ ሲበጠስ «ሙሉ» ይላል። ይቺን ያዙልኝ፣ በኋላ ትጠቅመናለች።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ልጀምር። ኪሎ ሜትር መቁጠር ጥሩ ልማድ ነው። እኔም ነዳጅ በሞላሁ ቁጥር ቆጣሪውን ዜሮ አደርጋለሁ። እስከዚህ ተስማምተናል። ግን ቆጣሪው የሚነግራችሁ የሄዳችሁትን እንጂ የቀራችሁን አይደለም። የቀረውን የምታሰሉት እናንተ ናችሁ፤ ያውም ሞተሩ ሁልጊዜ እኩል ይበላል ብላችሁ። አይበላም። የአየር ግፊት የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነው። በሰዓት ከ80 ወደ 120 ኪሎ ሜትር ስትወጡ ፍጥነታችሁ 1.5 እጥፍ ሲሆን ግፊቱ 2.25 እጥፍ ይሆናል። ከፊት ነፋስ ካለ ይብሳል። ግማሽ ብቻ ቀድታችሁ ቆጣሪውን ዜሮ ካደረጋችሁት ደግሞ ሒሳቡ ገና ከመነሻው ተበላሽቷል።

አንድ ቀን ቆጣሪዬ 90 ኪሎ ሜትር ይላል። በእኔ ስሌት ከግማሽ በላይ ሊኖረኝ ይገባል። ጌጁ ግን ሩብ ላይ ነው። «ደግሞ ጀመረው» ብዬ መንገዴን ቀጠልኩ። መብራት ይዞኝ ስቆም ቤንዚን ሸተተኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ የነዳጅ ቱቦው መያዣው ሥር ጠብ ጠብ እያለ የሞተሩን ጎን አርሶታል። እንደ ጽሑፉ ምክር ቢሆን ኖሮ እኔ የማምነው ቆጣሪውን ነበር። ቆጣሪ ደግሞ ስለሚፈስ ነዳጅ የሚያወራው ወሬ የለውም።

ጸሐፊው የጌጁን ጌጥነት ለማሳየት ያነሱት ማስረጃ ግን እውነት ነው፤ ብዙ ጌጅ «ሙሉ» ላይ ለረጅም ጊዜ ተገትሮ ይቆይና ከግማሽ በታች ሲደርስ ይንደረደራል። ማንም ነጂ ያውቀዋል። ግን ብልሽት አይደለም። ጌጁ የሚከተለው የነዳጁን ከፍታ ነው፤ የሞተር ሰልባትዮ ደግሞ ሳጥን አይደለም። ከላይ ይሰፋል፣ ከታች ይጠብባል፣ ሆዱ ፍሬሙ እንዲያልፍበት ተቦርቡሯል። ከላይ በኩል አንድ ጣት የሚያህል ከፍታ ብዙ ነዳጅ ይይዛል፤ ከታች ያው አንድ ጣት ጥቂት ነው። በዚያ ላይ ጥርቅም አድርጋችሁ ስትሞሉ ተንሳፋፊው የመጨረሻውን ከፍታ ጨርሶ ነዳጁ ከሱ በላይ ይሆናል። ያ ትርፍ እስኪያልቅ ቀስቱ ንቅንቅ አይልም።

መፍትሔው መርሳት ሳይሆን መተዋወቅ ነው። ሰልባትዮው ሊያልቅ ሲል ሞተሩን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙ፤ አንድ ሊትር ጨምሩ፣ ቁልፍ ክፈቱ፣ ጥቂት ጠብቁ፣ ቀስቱ የት እንደደረሰ ጻፉ። ሁለተኛ ሊትር፣ ሦስተኛ ሊትር፣ እስኪሞላ። እኔ ያወጣሁትን ቁጥር በትንሽ ወረቀት ከመቀመጫዬ ሥር ለጥፌዋለሁ። የእኔ ሞተር «ግማሽ» ሲል ግማሽ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ስንት እንደሆነም አውቃለሁ።

ሁለተኛው፣ ከፍ ዝቅ የሚል ጌጅ ተበላሽቷል የሚለው። አሥራ አምስት ሊትር ቤንዚን ወደ አሥራ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ብሬክ ስትይዙ ያ ሁሉ ወደ ፊት ይንጋለላል፣ ዳገት ስትወጡ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ በጎን መቆሚያ ስታቆሙት ወደ ግራ ይተኛል። ተንሳፋፊው ያለው አንድ ቦታ ነው፤ ነዳጁ ወደሱ ሲመጣ ይነሳል፣ ሲሸሸው ይወርዳል። ይሄማ ጤንነት ነው። ዲጂታል ዳሽቦርዶች ይህን ግርግር ለማረጋጋት ሆን ብለው ቀስ ብለው ነው የሚለዋወጡት። ቁልፉን ሳትዘጉ ቀድታችሁ መስመሮቹ ለደቂቃዎች ከፍ አልል ቢሉ አትደንግጡ።

ለጸሐፊው አንድ ነገር ልስጣቸው። መንገዱ ሜዳ፣ ፍጥነቱ እኩል ሆኖ ቀስቱ ከሙሉ ወደ ባዶ የሚዘል ከሆነ ያ ሕመም ነው። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ብቻ የሚጠፋ ከሆነም ምላሷ ደጋግማ የፈተገችው የሬዚስተሩ ክፍል አልቋል ማለት ሊሆን ይችላል። ግን ይሄኛውን ከዚያኛው ሳይለዩ «ከፍ ዝቅ ካለ ተበላሽቷል» ማለት፣ ያስነጠሰውን ሁሉ አልጋ እንደማስያዝ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ፦ «ጥፋቱ የሰንደሩ ነው፣ ቀይሩት»።

እዚህ ላይ ጸሐፊውን ልወቅስ አልችልም፤ ከዓመታት በፊት እኔም ያደረግኩት ይሄንኑ ነው። ጌጄ ሙሉ አልል ብሎኝ ነበር። ሰልባትዮው እስከ አፉ ሞልቶ ሦስት አራተኛ ላይ ይቆማል። ነዳጅ እያለኝ ደግሞ «ባዶ» ይላል። አዲስ ሰንደር ገዛሁ፣ ገጠምኩ፣ ቁልፍ አዞርኩ። ያው ነው! ያን ጊዜ ነው ሽቦ መከተል የጀመርኩት። የማሳው ሽቦ፣ ማለትም ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰው፣ ከፍሬሙ ጋር የታሰረበትን ብሎን ፈታሁት። የሽቦዋ ቀለበት ሥር አረንጓዴ ዱቄት ተጋግሯል። በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈተግኩት፣ መልሼ አጠበቅኩት። አሮጌውን ሰንደር መልሼ ሞከርኩት። ይሠራል።

ለምን እንደሆነ በቁጥር እንየው። ሰንደሩ ሙሉ ሲሆን 10 ኦም፣ ባዶ ሲሆን 100 ኦም ነው እንበል፤ መሃሉም እኩል ይጨምራል እንበል። ያ አረንጓዴ ዱቄት 25 ኦም ቢጨምርበት ጌጁ የሚደርሰው ድምሩ ነው። ሰልባትዮው ሙሉ ሆኖ 35 ይደርሰዋል፤ ስለዚህ ሦስት አራተኛ አካባቢ ይቆማል። ሰንደሩ 75 ላይ ሲደርስ፣ ማለትም ገና ከሩብ በላይ ነዳጅ እያለ፣ ጌጁ 100 ደርሶታል፤ «ባዶ» ይላል። ልክ የእኔው በሽታ። ሰንደሩን አሥር ጊዜ ብትቀይሩት አሥር ጊዜም ያው ነው፤ ትርፉ 25 ኦም ከሰንደሩ ውጭ ነው የተቀመጠው።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት ስጡት። የሚያስፈልጋችሁ ቮልትና ኦም የሚለካ ቴስተርና የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ነው። የሰንደሩን ሶኬት ብዙ ጊዜ ሰልባትዮው ሥር ወይም ጎኑ ላይ ታገኙታላችሁ። ቁልፍ ዘግታችሁ ንቀሉትና ውስጡን እዩ፦ አረንጓዴ፣ ጥቁር፣ የላላ ወይም ወደ ኋላ ያፈገፈገ ፒን አለ? ደህና ከመሰለ ሶኬቱ ክፍት እንደሆነ ቁልፍ ክፈቱና ጌጁን ተመልከቱ። ያዙልኝ ያልኳችሁ እዚህ ትሠራለች። ኦሙ ሲበዛ «ባዶ» የሚል ሞተር ከሆነ አሁን ባዶ ማለት አለበት። ቀጥሎ በጌጁ በኩል ባለው ሶኬት ሁለት ፒኖች መሃል፣ መመሪያው ለ«ሙሉ» ከሚሰጠው ጋር የሚቀራረብ ሬዚስተር ለጥቂት ጊዜ አስገቡ፤ ሊሞቅ ስለሚችል አታቆዩት። ጌጁ ወደ ሙሉ ከወጣ እሱም ሽቦውም ጤነኛ ናቸው፤ አሁን ሰንደሩን መጠርጠር ትችላላችሁ። ካልወጣ ሰንደር መግዛት ከንቱ ነው። አንዳንድ ሰው ሁለቱን ፒን በባዶ ሽቦ ያገናኛል። የድሮ ጌጅ ይችለው ይሆናል፤ መመሪያው ካልፈቀደ ግን ዲጂታሉ ላይ አትሞክሩት። ብዙ ዲጂታል ዳሽቦርዶች ደግሞ ሽቦው ሲቆረጥ ባዶ በማለት ፈንታ መስመሮቹን ሁሉ ብልጭ ድርግም ያደርጋሉ። ያ እንግዲህ ጌጁ ራሱ «ሽቦዬን እዩልኝ» ሲል ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ይበላችሁ?

ማሳውን ለመፈተሽ ሶኬቱን መልሱ፣ ቁልፍ ክፈቱ፣ ቴስተሩን ቮልት ላይ አድርጉ። አንዱን ጫፍ የሰንደሩ ማሳ ሽቦ ላይ፣ ሌላውን ባትሪው ኔጌቲቭ ላይ። ዜሮ ወይም ለዜሮ የቀረበ ማሳየት አለበት። አሁን ብሬክ ያዙ፣ ፍሬቻ አብሩ። ቁጥሩ ብድግ ካለ መብራቱና ሰንደሩ አንድ የተበላሸ ማሳ እየተሻሙ ነው።

ጥርጣሬው ሰንደሩ ላይ ካረፈ ብቻ ነው ሰልባትዮው የሚከፈተው። የጽሑፉን ትልቁን ጉድለት የማየው እዚህ ላይ ነው፤ ተሳስተው ሳይሆን ዘለውት። «ፈታ አድርጋችሁ አውጡት» ብለው አለፉ። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ይሰጣል። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል እየተሳበ ራቅ ያለ እሳት ዘንድ ይደርሳል። ስለዚህ ደጅ፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ የባትሪው ኔጌቲቭ ተነቅሎ፣ ነዳጁ በሚከደን ዕቃ ተቀድቶ። ሲጋራ የሚያጨስ ጓደኛ ካላችሁ ያን ቀን አይምጣ። ማሸጊያ ጎሚኒውም ካበጠ ወይም ከተሰነጠቀ በአዲስ ይተካ።

ሰንደሩ እጃችሁ ከገባ በኋላ መጀመሪያ ተንሳፋፊውን ጆሯችሁ ሥር አድርጋችሁ ነቅንቁት። ውስጡ ክፍት የሆነው ዓይነት ከሆነና ሿ ሿ ካለ ጠጥቷል፤ ቀዳዳ አለው። የጠጣ ተንሳፋፊ ይሰምጣል፣ ሰልባትዮው ሙሉ ሆኖም ጌጁ ባዶ ይላል። ከዚያ ቴስተሩን ኦም ላይ አድርጋችሁ ክንዱን በጣት ቀስ እያላችሁ ከታች እስከ ላይ ውሰዱት። ኦሙ ያለ ዝላይ መንሸራተት አለበት። የድሮው ባለ ቀስት ቴስተር እዚህ ላይ ዲጂታሉን ያስንቀዋል፤ ዲጂታሉ በሰከንድ የሚያነበው ጥቂት ጊዜ ስለሆነ ቅጽበታዊ መቆራረጥ ያመልጠዋል፣ ቀስቱ ግን ሲንቀጠቀጥ ታዩታላችሁ። መቆራረጥ ካለ፣ ወይም ሁለቱ ጫፎች ላይ የምታገኙት ቁጥር ከመመሪያው በጣም ከራቀ፣ አዎ፣ ያኔ ሰንደር ግዙ። ጸሐፊውና እኔ እዚያ ላይ እንገናኛለን። መንገዳችን ነው የተለያየው።

አራተኛው የማጽጃ ፈሳሽ ነው። ሙሉ በሙሉ አልጥለውም። ብዙ ሰንደሮች ውስጥ ያለው መገናኛ ብር አለበት፤ ነዳጅ ውስጥ ያለ ሰልፈር ደግሞ ብርን ያጠቁረዋል፣ የጠቆረው ክፍል ኤሌክትሪክ በደንብ አያሳልፍም። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ ፍሎሪዳና ሉዊዚያና ሰልፈር የበዛበት ቤንዚን ተሸጦ የብዙ መኪኖች ጌጅ የታወከው በዚሁ ምክንያት ነው። ችግሩ እንዲህ ያለ ቆሻሻ ከሆነ ጥሩ ማጽጃ በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ቢጨመር ሊረዳ ይችላል። ቀዳዳ ተንሳፋፊን ግን አይደፍንም። የተበጠሰ ሽቦም አይቀጥልም። ማሳው ላይ ያለው አረንጓዴ ዱቄት ጋ ደግሞ ጭራሽ አይደርስም፤ ያለው ሰልባትዮው ውጭ ነዋ።

ክንዱን አጠፍ አድርጉት የሚለውን አምስተኛውን ባይጽፉት ደስ ይለኝ ነበር። ክንዱን ስታጥፉ አንዱን ጫፍ ብቻ አይደለም የምትለውጡት። «ባዶ»ውን ስታስተካክሉ «ሙሉ»ው ይፈርሳል። በፒንሳ ሥሩ ላይ ትንሽ ያጠፋችሁት ተንሳፋፊው ጋ ሲደርስ ብዙ ይሆናል፤ ከፓምፑ ወይም ከግድግዳው ጋር መፋተግ ሊጀምር ይችላል። ከሁሉ የሚከፋው፣ እኔ ማሳ በተበላሸበት ሞተሬ ላይ ይህን ብሞክር ለጊዜው የሚሠራ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ማሳው ሲጸዳ ጌጁ በተቃራኒው ይዋሻል፤ ሳይኖር አለ ይላል። ክንዱ ወድቆ ወይም ሲገጠም ተጣሞ ከሆነና መመሪያው ትክክለኛውን ልክ ከሰጠ፣ በልኩ መመለስ ይቻላል። በግምት ግን አይሆንም።

ስድስተኛው፣ እስኪቆም ንዱት። የካርቡሬተር ሞተር ላይ ብዙም ክፉ አይደለም። የነዳጅ መክፈቻው ውስጥ አንድ ረጅም ቱቦና አንድ አጭር መግቢያ አለ፤ በረጅሙ የሚወርደው ሲያልቅ ሞተሩ ይንተባተባል፣ ወደ ሪዘርቭ ታዞሩታላችሁ፣ ትቀጥላላችሁ። የእነዚያ ሞተሮች ነጂዎች ጌጅ ሳይኖራቸው ለዘመናት የኖሩት በዚህ ነው። ነዳጁ በፓምፕ ተገፍቶ በሚረጭበት ኢንጄክሽን ሞተር ላይ ግን ብዙውን ጊዜ ሪዘርቭ የለም። ፓምፑ አብዛኛውን ጊዜ ሰልባትዮው ውስጥ ነው፤ የሚያቀዘቅዘውና የሚያለሰልሰው በውስጡ የሚያልፈው ቤንዚን ነው። ባዶውን ማስጮህ ዕድሜውን ያሳጥረዋል። «ከታች ያለውን ቆሻሻ ይስባል» የሚለውን ግን ከእኔ ጋር የሚስማሙ ሰዎችም ያጋንኑታል፤ ፓምፑ ሁልጊዜም የሚስበው ከታች ነው። ለእኔ ትልቁ ምክንያት ሌላ ነው። ሞተር የት እንደሚቆም አይመርጥም፤ ከኋላ ከባድ መኪና እየመጣ መሃል መስመር ላይም ሊሆን ይችላል።

ያንኑ መረጃ ሳትቆሙ ታገኙታላችሁ። የነዳጅ ማስጠንቀቂያው መብራት ሲበራ ቅርብ ያለ ማደያ ሄዳችሁ ሰልባትዮውን ሙሉትና ስንት ሊትር እንደገባ እዩ። መመሪያው 15 ሊትር ይይዛል ካለና 12.2 ከገባ፣ ቀርቷችሁ የነበረው 2.8 ነው። ሞተራችሁ ለ100 ኪሎ ሜትር 4 ሊትር የሚበላ ከሆነ 70 ኪሎ ሜትር ነበራችሁ። እኔ 50 ብዬ ነው የምይዘው። ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሙት።

መብራቱን ካነሳሁ አይቀር፣ አንዳንድ ሞተር ላይ መብራቱ ከተንሳፋፊው ጋር ዝምድና የለውም። ሙቀት ሲሰማው ኦሙ የሚቀንስ ትንሽ ሴንሰር ነው። ነዳጅ ውስጥ እስካለ ይቀዘቅዛል፤ ነዳጁ ሲሸሸው በራሱ ኤሌክትሪክ ይሞቅና መብራቱን ያበራል። ለመሞቅ ጊዜ ስለሚወስድም ዘግየት ይላል። ጽሑፉ «ጌጁ ግማሽ እያለ መብራቱ ከበራ አምፖሉ ተበላሽቷል» ይላል። እንዲህ ባለ ሞተር ላይ እኔ በመጀመሪያ የማምነው መብራቱን ነው፤ ማደያ ደርሼ ስሞላ ማን እንደዋሸ ይታወቃል።

ለሦስተኛው ላኪ፦ ወንድሜ፣ ብሬክ ስትይዝ ነዳጁ ወደ ፊት ስለሚሄድ ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ሞተሩን አቁመህ፣ ቁልፍ ከፍተህ፣ ሳትነዳ ብሬኩን ያዝና ትንሽ ጠብቅ። ቀስቱ ካልተነቃነቀ ጤነኛ ነህ። ቆመህም ዝቅ ካለ ሰንደር እንዳትገዛ። የማሳውን ብሎን ፈትተህ ቀለበቷ ሥር ያለውን አይተህ ጻፍልኝ።